አየር የያዘ ቦይለር ስንት ያወጣል?

መቼም ደላላ ቤት ሲያሳይ «ሙቅ ውሃ አለው» ሳይል አያልፍም። እንደ መርጡለ ማርያም ባለ ደጋ ከተማ ደግሞ ይህች ቃል ዋጋ ታስጨምራለች። ይሁንና ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለበዓል ብቻ ብቅ በሚልበት ቤት ቦይለሩ ያለ ሥራ ይከርማል። ገዢ ቧንቧውን ሲከፍተው ይጮሃል፣ አየር ይተፋል። ወዲያው «ተበላሽቷል» ይባልና ከዋጋው ላይ ይቆረጣል።

በእኔ አስተያየት ይህ ቅናሽ ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም። መጠየቅ ያለበት አየሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቀዝቃዛውም ሙቁም ቧንቧ የሚተፉ ከሆነ ምንጩ መስመሩ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ወይም ሮቶው ደርቆ በከረመበት ቤት ባዶው ቧንቧ አየር ይሞላል። ጥቂት ደቂቃ ሲፈስ ይስተካከላል። ሙቁ ብቻ ከተፋ ግን ነገሩ ያለው ከቦይለሩ ሆድ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ብረቱ እንዳይዝግ ውስጡ የሚገባው የማግኒዚየም ዘንግ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ያወጣል። ቦይለሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይነካ ከቆየ ጋዙ አናቱ ላይ ሊጠራቀም ይችላል። ሽታ የለውም፤ እሳት ካገኘ ግን ይቀጣጠላል። የአሜሪካ አምራቾች በመመሪያቸው «ሙቁን ቧንቧ ለበርካታ ደቂቃ ከፍታችሁ አስወጡት፣ አጠገቡ አታጭሱ» የሚሉት ለዚህ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ይዘን መታጠቢያ ቤት ለምንገባ ለእኛ ምክሩ የዋዛ አይደለም። መስኮቱን ከፍቶ በቀን ብርሃን ማስተንፈሱ ይሻላል።

እውነተኛው ኪሳራ ሌላ ቦታ ነው። ውሃ ሲጠፋ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከሌለ ወይም ካረጀ የቦይለሩ ሆድ ሊጎድል ይችላል። ያን ጊዜ ማብሪያውን የተጫነ ሰው ሬዚስታንሱን ያቃጥላል፤ መለወጫው በአካባቢው ሱቅ ከጠፋም ደብረ ማርቆስ፣ ሲብስም መርካቶ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ ገዢው በቅድሚያ ሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቅ፤ ከዚያ ያብራ፣ ሲሞቅም አይቶ ዋጋ ይቁረጥ። ሻጩም ደላላው ከመድረሱ በፊት ይህንኑ ቢያደርግ ገንዘቡን ያድናል።

ቦይለር ቸርቻሪውም ከዚህ አያመልጥም። ሊትሩንና ማርካውን ይለፍፋል፤ ስለ ቫልቩ ግን ካልተጠየቀ አይተነፍስም። የቫልቩ ዋጋ ከቦይለሩ አንጻር ኢምንት ነውና በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍረው የሚጎዳ አይመስለኝም።