ስለ ጤና፦ የአንገት አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን

አንድ ወዳጃችን ከባንክ ቤት ተቆጥተው መጡ። ፊርማቸው በመዝገብ ከተቀመጠው ጋር አልመሳሰል ብሎ ገንዘባቸውን ሳይቀበሉ ተመልሰዋል። እኛም በመጀመሪያ በባንኩ ጸሐፊ ፈረድን፤ ኋላ ግን እኚሁ ሰው የሻይ ስኒ በሁለት እጃቸው ሲይዙና የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲቸገሩ ስላየን ፍርዳችንን አነሣን። «ምንም አያመኝም፤ እርጅና ነው» አሉን። እርጅና ብቻ አልነበረም።

የሰው አንገት 7 አጥንቶች አሉት። በእነዚህ አጥንቶች ቦይ ውስጥ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄደው ትእዛዝ የሚተላለፈው በዚሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ይደርቃል፤ ወደ ኋላም ይገፋል። አጥንቱም በዳርቻው ትርፍ እሾህ ያበቅላል። ቦዩ ሲጠብ ሕብለ ሰረሰሩ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ ብርቱ ሥቃይ ስለሌለው ሰው ይዘናጋል፤ ነገር ግን ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ የእጅ ጽሕፈት ይለወጣል፣ አካሄድ ሚዛን ያጣል፤ ሲብስም ሽንትን መቆጣጠር ያስቸግራል።

ይህን በሽታ መታሸት አያድነውም። አንገትን በኃይል ማጣመምማ ጨርሶ አደገኛ ነው፤ ወጌሻን ለወለምታ እናክብረው፣ ለዚህ ግን አንጥራው።

መጨመቁ በኤም አር አይ ምርመራ ከታወቀና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። አንዱ መንገድ ከፊት ነው፤ ሐኪሙ በጉሮሮ ጎን ገብቶ የተበላሸውን ትራስ ያወጣል፣ በምትኩም ቁራጭ አጥንት ወይም ሌላ ድጋፍ አኑሮ ሁለቱን አጥንቶች ያጋጥማል። ሮቢንሰንና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ገለጡ። ብዙ አጥንቶች ሲነኩ ግን ከኋላ መግባት ይመረጥ ይሆናል። ጃፓናዊው ሂራባያሺ በ1977 ዓ.ም. ያወጡት ብልሃት ያስደንቀናል፦ ቦዩን የሚሸፍነውን የአጥንት ቅስት በአንድ ወገን ቆርጠው፣ በሌላው ወገን እንደ ማጠፊያ ትተው፣ እንደ በር ይከፍቱታል።

ከፊት ለተቀደደ ሰው ለጊዜው ድምፅ መጎርነንና የመዋጥ ችግር ሊያጋጥመው ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያ የሚያደርገው ጉዳቱ እንዳይብስ መግታት ነው፤ የጠፋው ኃይል ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ወዳጃችንም ቢላዋ ፈርተው ብዙ ወራት አባከኑ።

በመጨረሻ «ፊርማዬ ይመለስልኛልን?» ብለው ሐኪሙን ጠየቁ። እርሱም «አባቴ፣ ይህን ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ነገር ግን በእግርዎ እየሄዱ እንዲኖሩ እንጥራለን» አላቸው። ወዳጃችን ጥቂት አሰቡና የፈቃዱን ወረቀት በተለወጠው ፊርማቸው ፈረሙ።