«ፖርክ ቾፕ ሂል»ን ከመርገማችን በፊት እንየው

ሆሊውድ ስለ ኮሪያ ጦርነት ከሠራቸው ፊልሞች ውስጥ ለቃኘው ሻለቃ ታሪክ በጣም የሚቀርበው «ፖርክ ቾፕ ሂል» ነው። አንድም ኢትዮጵያዊ ግን አይታይበትም። ፊልሙ የወጣው በ1959 ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዳይሬክተሩ ሉዊስ ማይልስቶን፣ መሪ ተዋናዩ ግሪጎሪ ፔክ ናቸው። እዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ስሙ ሲነሳ «እኛን ሰርዘውናል» የሚል ቁጣ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት። ቁጣው ግማሹ ልክ ነው።

ከጥንካሬው ልጀምር። በሚያዝያ 1953 አንድ የአሜሪካ ሻምበል ጦር የተወሰደበትን ኮረብታ ለማስመለስ በሌሊት ይወጣል። በዚያው ሰሞን በፓንሙንጆም የሰላም ድርድር ይካሄዳል። ኮረብታው ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው በድርድሩ ላይ ማን ቆራጥ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ወታደሮቹም ይህን ያውቃሉ፤ ፊልሙም አይደብቀውም። በጨለማ ሲወጡ የራሳቸው ወገን በስህተት መብራት ይለቅባቸዋል። ሰው እያለቀ፣ እርዳታ ላኩልን እየተባለ፣ የሕዝብ ግንኙነት መኮንን ፎቶ አንሺ አስከትሎ ከች ይላል! ከዚያ ትዕይንት በላይ የጦርነትን ቅጥ ማጣት የሚያሳይ ብዙ አላየሁም።

ዉዲ ስትሮድ የሚጫወተው ፍራንክሊን የሚባል ጥቁር ወታደርም አለ። ይፈራል፣ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ ሲፋጠጡ፣ አገሬ ላይ የምኖረውን ኑሮ ብታየው ለእሱ እንኳ መሞቴን እጠራጠራለሁ፣ ታዲያ ለኮሪያ ለምን እሞታለሁ ዓይነት ነገር ይናገራል። በ1959 ይህን በስክሪን ማሰማት ቀላል አልነበረም። ግን ጎልቶ የሚፈራው ሰው ጥቁሩ መሆኑ ቅር ይለኛል። ፊልሙ ጥያቄውን ሳይመልስ ፍራንክሊንን ከጓዶቹ ጋር ቶሎ ማስታረቁም እንደዚያው።

ሌላው ድክመት ቻይናውያኑ ናቸው። ከድምፅ ማጉያ ከሚለፈልፈው ሰው በቀር መልክ ያለው ቻይናዊ የለም ማለት ይቻላል። ጦርነቱ በአገራቸው የሚካሄድባቸው ኮሪያውያንም ዳር ላይ ናቸው።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ፊልሙ የተወሰደው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የቃኘው ቅኝቶች አሉ፤ ማርሻልም በአድናቆት ነው የጻፈው። (የማርሻልን ሌሎች ሥራዎች የታሪክ ተመራማሪዎች አጥብቀው ስለሚጠይቁ ምስጋናውንም በጥንቃቄ ማንበብ ይሻላል።) ቃኘው የተመደበው በ7ኛው ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። ፊልሙ የመረጠው ደግሞ የ31ኛው ሬጅመንት አንድ ሻምበል ያደረገውን ውጊያ ነው። ስለዚህ ከዚያ ውጊያ ማንም አልሰረዘንም። ግን ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ የሐረርና የጎጃም ልጅ ጎን ለጎን እንደተዋጋ በምን ያውቃል?

የእኔ ስጋት ግን ሌላ ነው። የቃኘውን ፊልም እኛ ራሳችን ብንሠራው ምን እንሠራ ነበር? ስለ ቃኘው ስንናገር ሁልጊዜ የምንደጋግመው አንድም ምርኮኛ አልሰጡም የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ያኮራልም። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የቆሰሉትን ለማስታመም ወደ ጃፓን የተላኩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ነበሩ። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከጀግንነቱ ይልቅ የእነሱን የሌሊት ፈረቃ ማየት ያምረኛል። ከ1974 በኋላ ደግሞ ኮሚኒስት ተዋግታችኋል ተብለው በደርግ ዘመን አንገታቸውን ደፍተው የኖሩ ዘማቾች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባለውን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ማይልስቶን ወታደሮቹን እንዲፈሩና እንዲጠራጠሩ ፈቅዶላቸዋል። እኛ ለአያቶቻችን ይህን የምንፈቅድላቸው አይመስለኝም። የማይፈራ ሰው ደግሞ ሐውልት እንጂ ሰው አይሆንም።

ሎውሪ ለዚህ ጨዋታ ባዕድ ቦታ አይደለም። እስከ 1994 የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ የኮሪያው ጦርነት በቆመበት በ1953 ሰመር ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለእረፍት ሲመጣ ቢሮው እዚህ ነበር። ዛሬ የአውሮፕላን ሙዚየም የሆነውን ሃንጋር ሳናይ የምናልፍበት ቀን የለም። ማኅበራችን በዚህ ሴሚስተር ፊልሙን ያሳይ፤ አባት ወይም አያት ዘማች የነበራቸውን የኦሮራ ቤተሰቦችም ይጥራ። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ሜዳሊያ ያለው ይዞ ይምጣ። ሲያወሩም ስልካችንን አውጥተን እንቅረጽ። ስንት ገደሉ ብለን አንጀምር፤ ሲዘምቱ እናታቸው ምን አለች ብለን እንጀምር። ፊልሙ 97 ደቂቃ ነው። በ6 ሰዓት ተኩል ማታ ብንጀምር ለቡናውም ለወሬውም ጊዜ ይተርፋል።