ፖሊስ ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?



ወንድሞችና እህቶች፣ ሰሞኑን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂዱ ደጃፍ ላይ ይዞኝ ቆመ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፖሊሶች ቤታቸው ገብተው ነበር። እናቱ ሒጃቧን እስክትለብስ እንኳ አልጠበቋትም። ቁም ሳጥኑን ገለበጡ፣ ስልኩን ይዘው ሄዱ። «ወረቀት አሳዩህ?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ ፖሊስ ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ።

ይህን ያስጻፈኝ ከብርበራው ይልቅ የልጁ መልስ ነው።

አዎ፣ ይጠየቃል! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤታችን፣ ሰውነታችንና ንብረታችን ከብርበራ የመጠበቅ መብት እንዳለን ይናገራል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 32 ያለ ማዘዣ ቤት ለመበርበር ሁለት በር ብቻ ነው የከፈተው። አንደኛው፣ ፖሊስ እግር በእግር የሚያሳድደው ሰው ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሌባ አጥራችሁን ዘሎ ከገባ ፖሊሱን «ወረቀት አምጣ» ብላችሁ አታቆሙትም፤ ይህ ተገቢ ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው እዚያ ቤት መኖሩ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠርና ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን ነው። ማዘዣ ቢኖር እንኳ፣ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር፣ በአንቀጽ 33 መሠረት ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የሚወሰደውም ማዘዣው ላይ የተጻፈው ዕቃ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ይጻፋል፤ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል።

ሌሊት 9 ሰዓትን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አምቦና ጊንጪ ያደገ ያውቀዋል። ኅዳር 2008 ተቃውሞው ጊንጪ ላይ ከተነሳ በኋላ የጸጥታ ኃይሎች ሌሊት ከቤት ቤት እየዞሩ ወጣት ሲለቅሙ እንደነበር የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የኮማንድ ፖስቱ መመሪያ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት መበርበርን ፈቀደ። አሥር ወር ቆየ። የካቲት 2010 ሌላ፣ ጥቅምት 2014 ሌላ፣ ሐምሌ 2015 ደግሞ ሌላ መጣ። ይህን እያየ ያደገ ልጅ አዋጁን ሕግ፣ ሕጉን ተረት አድርጎ ቢይዘው አልፈርድበትም። የምፈርደው ደንብ ልብሱን ለብሶ ልዩነቱን እያወቀ ዝም በሚለው ላይ ነው። አዋጅ ዕድሜ አለው፤ በአንቀጽ 93 መሠረት ቢበዛ ስድስት ወር፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ምክር ቤቱ ካላደሰው ይሞታል። የ2015ቱም በ2016 አብቅቷል።

ከራሳችን ትልልቆች «ንጹሕ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?» የሚሉ አሉ። ሱረቱ አን-ኑርን እንመልከት። አላህ የገዛ ቤታችን ልጆች እንኳ በሦስት ወቅት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡብን አዟል፤ አንዱ ከሱብሒ በፊት ነው። ልጆቹ ወይስ ወላጆቹ ተጠርጥረው ነው? ሰው በዚያ ሰዓት ዐውራው ስለሚገለጥ ነው። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሌሊት አጥር ዘለው አንድ ሰው ከነመጠጡ እንደያዙም በኪታቦች ይተረካል። ሰውየው «እኔ አንድ አጥፍቻለሁ፣ አንተ ግን ሦስት» አላቸው፦ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ አላስፈቀዱም። ዑመርም ትተውት ወጡ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ንጹሕ አልነበረም።

በአገራችን እንግዳ እንኳ ከደጅ «ቤቶች!» ወይም «ወረ መና!» ሳይል አይገባም።

ስትጠይቁ በእርጋታ ይሁን። እጅ አታንሱ፣ በር ላይ አትታገሉ፤ «ማዘዣውን ላንብበው» በሉ። ሰዓቱን፣ የተወሰደውን ዕቃና የመጡትን ሰዎች ብዛት ሲወጡ ወዲያው ጻፉ። ያላያችሁት ዝርዝር ላይ አትፈርሙ። ጎረቤትም በመጋረጃ ቀዳዳ ከማየት ወጥቶ ምስክር ይሁን።

ልጁ ስልኩ ለመወሰዱ አንዲት ወረቀት የለውም። ሰኞ ጠዋት ከአባቱ ጋር ወደ ጣቢያው እንሄዳለን፤ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማዘዣውን ነው።