ቀጭኔያችንን ያየ አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እዚህ ከተማችን ወዳለው ዙ ሄጄ ነበር። ከቀጭኔዎቹ አጥር ፊት ቆመን በአማርኛ ስናወራ የሰሙ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ሰላምታ ሰጡን። ያገር ሰው ናቸው። ልጄን ጉንጯን ከሳሙ በኋላ፣ “የኔ እናት፣ እነዚህ እኮ የኬንያ ናቸው። እኛ አገር አንበሳ እንጂ ቀጭኔ የለም” አሏት።

“ኧረ አለ ጋሼ፣ ጋምቤላ አለ” አልኩ ቶሎ ብዬ።

“አንተ አይተሃል?”

አላየሁም። እውነቱን ለመናገር ጋምቤላን ራሷንም አላየኋትም። አዲስ አበባ በጋዜጠኝነት ስሠራ ስለዚያ አገር የጻፍኩት ሁሉ ከመግለጫ ላይ የተቀዳ ነበር። ነገሩ ቆጨኝና ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቀጭኔ ሳነብ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከስሟ ልጀምር። እኛ ቀጭኔ አልናት እንጂ የደረሰ ወንድ ከ1000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱም 5 ሜትር ያልፋል። ያ ሁሉ አንገት ደግሞ ልክ እንደ እኔና እንደ እናንተ አንገት በ7 አጥንት ብቻ የተሠራ ነው። አጥንቶቹ ረዘሙ እንጂ አልበዙም። ደሙን እስከ ጭንቅላቷ ለመግፋት ሲባል የደም ግፊቷ የሰውን እጥፍ ያህል ነው። እዚህ ከመካከላችን ስንቱ በግፊት ኪኒን ይኖራል፣ እሷ ግን ምንም አትሆን!

ዙ ውስጥ ቅጠሉ ታስሮ ይሰቀልላታል። በሜዳው ላይ ግን አብዛኛውን ቀን ከግራር ግራር ስትዞር ትውላለች። ግማሽ ሜትር በሚጠጋው ምላሷ በእሾሁ መካከል እየገባች ቅጠሉን ትሸመጥጣለች። ከቅጠሉ እርጥበት ስለምታገኝ ውሃ ሳትጠጣ ብዙ ቀን ትቆያለች። ደግሞም ቢቀርባት ይሻላታል፤ የፊት እግሮቿን ግራና ቀኝ አንፈራጥጣ ካላጎነበሰች አፏ ውሃው ጋ አይደርስም፣ አንበሳም የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ትቀርባለች፣ ትቆማለች፣ ዙሪያውን ታያለች፣ ጎንበስ ልትል ትልና መልሳ ቀና ትላለች። ሌላዋ ስትጠብቅላት ነው እሷ የምትጠጣው።

ስትወልድም ቆማ ነው። 15 ወር የተሸከመችው ግልገል ወደ 2 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ብዙም ሳይቆይ በእግሩ ይቆማል። አንበሳና ጅብ በበዛበት ሜዳ ከግልገሎቹ ግማሽ ያህሉ ዓመት አይሞላቸውም። እናቲቱ ግልገሏን ከሆዷ ሥር አስገብታ በርግጫ ትከላከልለታለች። ርግጫዋ አንበሳ ይገድላል።

ሰውን ግን አልቻለችውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአፍሪካ ከ150,000 በላይ ቀጭኔዎች እንደነበሩ ይገመታል፤ በ2015 ከ100,000 በታች ወርደው ተገኙ። ሜዳው ታረሰ፣ ዛፉ ለማገዶ ተቆረጠ፣ ሥጋዋን የሚፈልግ በጥይት መታት፣ ጅራቷን ለጭራ የሚፈልግም አለ። ዓለም ለዝሆንና ለአውራሪስ ሲጮህ እሷ ዝም ብላ አለቀች። ከሩቅ የምትታይ እንስሳ መሆኗ ሳይሆን አይቀርም ያታለለን፤ ሁልጊዜ ያለች ትመስላለች።

የጋምቤላዋ የኑቢያ ቀጭኔ የምትባለው ናት። ዘመዶቿ በደቡብ ሱዳን፣ በኡጋንዳና በኬንያ ይገኛሉ። በ2018 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበች። ለአሥርተ ዓመታት ጦርነትና ጠብመንጃ ባልራቀው በዚያ ድንበር አካባቢ ከዚህ የተሻለ መጠበቅም ይከብዳል።

ብቻ አንድ የኒጀር ነገር አስደንቆኛል። በ1996 በምዕራብ አፍሪካ ሁሉ የቀሩት ቀጭኔዎች 49 ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ከዋና ከተማዋ ከኒያሜ ብዙ ሳይርቁ ኩሬ በሚባል አካባቢ። ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል። ኩሬ አጥር የለም። ቀጭኔዋ በገበሬው እርሻ መካከል ትሄዳለች፣ አንዳንዴም ሰብሉን ትበላበታለች። መንግሥት አደኑን ከለከለ፣ ገበሬው ደግሞ ከጎብኚውም ከድጋፉም ድርሻ አገኘ። ኒጀር ከእኛ የማትሻል ድሃ አገር ናት፤ ስለዚህ ድህነታችንን ምክንያት ማድረግ አልቻልኩም።

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። መጪው ቅዳሜ ቡና ተቀጣጥረናል፤ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብነግራቸው “አየሁ የሚል አምጣ” ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሚኒሶታም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ የጋምቤላ ልጆች፣ በዚያም አገር ያስተማራችሁ፣ ያከማችሁ፣ የዘመታችሁ ሁሉ፣ ቀጭኔን በዓይናችሁ አይታችሁ ከሆነ የት፣ በየትኛው ዓመት፣ ስንት ሆነው እንዳያችኋቸው በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጻፉልኝ። በአኙዋክና በኑዌር ቋንቋ ምን እንደምትባልም ጨምሩበት፤ ልጄ ጠይቃኝ አላወቅሁም።