ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትኛው መጽሐፍ ይቅደም?

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ባሉ የደቡብ ጎንደር ከተሞች ልጁን ቤት ለማስተማር የሚገደድ ወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄው «በየትኛው መጽሐፍ?» ነው።

እጅ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የታላላቆች የቆየ መጽሐፍ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ግን ከ2015 ጀምሮ ተቀይሯል። ስለዚህ የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ የግድ አዲሱን መጽሐፍ ማግኘት አለበት። አጋዥ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለታናናሾቹ መለኪያው ሌላ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ይቅደሙ። ፊደልም ማባዛትም ስላልተቀየሩ የቆየው መጽሐፍ ይበቃል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችበት ጋይንት ይህን ያውቃል፤ የቄስ ተማሪ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት የሚደግመው ድምፁን እያሰማ በማንበብ፣ የሚያርመውም ሰው አጠገቡ ስላለ ነው።

ወላጅ ብቻውን ግን አይወጣውም። መጻሕፍቱ በሶፍት ኮፒ መኖራቸው ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ዋጋ የለውም። ትምህርት ቢሮው በሚሞሪ ካርድ ጭኖ በየቀበሌው ቢያደርስ ወጪው ትንሽ ነው። ለሁለት ዓመት መጽሐፍ ያልገለጠ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ወደ ክፍሉ መመለስ ይከብደዋል።