ሬዲዮ ጣቢያው ሲሸጥ አድማጩም አብሮ ይሸጣል ወይ?

ሰው ቤቱን ሲሸጥ ተከራዩን ጠርቶ "ልሸጠው ነውና ቤት ፈልግ" ይለዋል። ክፉ አከራይ እንኳ ቢሆን አንድ ወር ይሰጣል። በሬ የሚሸጥም ገበያ አውጥቶ፣ እማኝ አቁሞ ነው የሚሸጠው። ሬዲዮ ጣቢያ እጅ ሲለውጥ ግን አድማጩን ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚጠራው የለም። ማታ የለመደውን ፕሮግራም ሰምቶ ይተኛል፤ ጠዋት ሬዲዮኑን ሲከፍት የማያውቀው ሰው ያናግረዋል። ቁጥሩ ያው ነው፣ ሬዲዮኑም ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። "የት ሄዱ እነዚያ ሰዎች?" ብሎ ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል?

ይህን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤፍ ኤም ጣቢያ ሲበዛልን ጊዜ "እሰይ፣ አየሩ ተከፈተ!" ብለን ነበር። ተከፍቷል፣ አልክድም። አየሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተመለሰም። ባልተመለሰ ጥያቄ ላይ ደግሞ ገበያ ሲቆም መጨረሻው አያምርም።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በእኛ አገር ስሙ ገናና የነበረ ጣቢያ ባለቤቱን የለወጠው በሽያጭ ሳይሆን በውርስ ነው፤ ያውም በደርግ ውርስ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያስጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በአጭር ሞገድ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር። ስብከት ብቻም አልነበረም። ዜናው፣ የጤናው ትምህርት፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ነበረው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" አደረገው። ማሰራጫው ያው፣ አንቴናው ያው፤ ከዚያው ምሰሶ ላይ ግን ወንጌሉ ወርዶ መፈክር ወጣ። አድማጩን የጠየቀ ነበር? ማን ደፍሮ!

ደርግ ሄደ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ወጣና እኛ የግል ጋዜጠኞች ወረቀቱ ተፈቀደልን። አየሩ ግን አልተፈቀደም። ለምን ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው። ጋዜጣ ፊደል የቆጠረ፣ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ያለው የከተማ ሰው ነው የሚገዛው። ሬዲዮ ግን ማረሻ ጨብጦ ለሚውለውም፣ ጉልት ለተቀመጠችዋም፣ በር ለሚጠብቀው ዘበኛም ይደርሳል። ወረቀት የለቀቀ መንግሥት አየሩን ጨብጦ መያዙ ለዚህ ነው። ኢሕአዴግ የራሱን ሬዲዮ ፋናን በ1987 ዓ.ም. ሲያሰማን፣ ለግል ባለሀብት የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ፈቃዶች የተሰጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። አስራ አንድ ዓመት! በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 የፖለቲካ ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ አይሰጠውም ሲል ደግሞ ፋና አክሲዮን ማኅበር ተብሎ ሥራውን ቀጠለ። አዋጁም ነበረ፣ ፋናም ነበረ። "ላም አለኝ በሰማይ" ማለት ይሄ ነው እንግዲህ፤ አየሩ የሕዝብ ነው ይባላል፣ ወተቱን የሚጠጣው ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ የመንግሥትን ውርስና የፓርቲን ብልጠት አይተናል። ቀሪው የገንዘብ ነገር ነው። "ነፃ ገበያ ይፍረደው፣ ገዢና ሻጭ ከተስማሙ ምን አገባን?" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለእነሱ የምነግራቸው የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ታሪክ አለ። ታሪኩ የዋሽንግተን ነው፤ የዋሽንግተን መሆኑም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ነፃ ገበያውን ከእነሱ አይደል የተማርነው? ደግሞም ዋሽንግተን ሩቅ አይደለችም። ከእያንዳንዱ ሰፈር ልጅ የሄደባት፣ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱ ሬዲዮ ሲያዳምጡ የሚውሉባት ከተማ ናት። የጃዙ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን የተወለደውም እዚያ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን የተቀበለው ኤሊንግተን።

በዚያች ከተማ በኤፍ ኤም 90.1 ላይ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬዲዮ ነበራቸው። አፉ የማይገታ፣ ጦርነት የሚቃወም፣ የሚያስተዳድሩትን የኢየሱሳውያን ካህናት እንቅልፍ የሚነሳ ሬዲዮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ተገላገለው፤ ሞገዱን ለከተማዪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተላለፈው። በስንት? በአንድ ዶላር። የተማሪዎቹ ጩኸት በአንድ ዶላር ተዘጋ።

ተረካቢው ዩኒቨርሲቲ አብዛኛው ተማሪው ጥቁር የሆነ፣ የደሃ ልጅ የሚማርበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በዚያው 90.1 ላይ ጃዝ፣ ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙር ማሰማት ጀመረ። ለአስራ አምስት ዓመት የኤሊንግተን ከተማ የኤሊንግተንን ሙዚቃ በራሷ ሬዲዮ ሰማች። ከዚያ የከተማው አስተዳደር ካዝና ተራቆተ። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1995 የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ አስቀመጠበት፣ የዩኒቨርሲቲው በጀትም ተቆረጠ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ግራ ቀኙን ሲያይ የሚሸጥ አንድ ነገር አገኘ፦ ሬዲዮውን።

በመጀመሪያ የመጣው ገዢ ሳሌም የተባለ የክርስቲያን ስርጭት ኩባንያ ነበር። በመጨረሻ የወሰደው ግን በኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደረው ሲ-ስፓን ነው፤ የከፈለው 13 ሚሊዮን ዶላር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ጃዙ ቀርቶ የምክር ቤት ክርክርና የፖለቲካ ውይይት በ90.1 መሰማት ጀመረ። ልብ በሉልኝ! በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያው ሞገድ በአንድ ዶላርም በ13 ሚሊዮን ዶላርም እጅ ለወጠ። ማይክሮፎኑ ነው 13 ሚሊዮን ያወጣው? ሸክላው? ወንበሩ? አይደለም። የተሸጠው ፈቃዱ ነው፤ ማለትም በዚያ ሞገድ ለዚያ ከተማ ሕዝብ የመናገር መብት። ሞገድ እንደ መሬት ነው፣ አይጨመርም። ለዚህ ነው ዋጋው ሰማይ የነካው። ዋጋውን ያመጣው ደግሞ አድማጭ በብዛት የሚኖርበት ከተማ መሆኑ ነው። አድማጩ ለዋጋው ተቆጠረ፣ ለምክሩ ግን አልተቆጠረም።

እውነቱን ለመናገር ገዢው ክፉ አልነበረም። የምክር ቤት ክርክር ሳይቆራረጥ ለሕዝብ ማሰማት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ለእኛም ቢደርሰን በወደድን። ሻጩም ሌባ አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲው በጀት ተቆርጦ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ደህና ሰዎች ተስማምተው የሦስተኛውን ሰው ንብረት ሊሸጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ሰው አድማጩ ነው።

"ታዲያ አሜሪካ ሕግ የለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ። የአሜሪካ ሕግ ሞገድ የሕዝብ ነው፣ ባለፈቃዱ ለሕዝብ ጥቅም ያገለግላል ይላል። ይህን ቃል ይዘው ፍርድ ቤት የሄዱ አድማጮች ነበሩ። በኒውዮርክ ደብልዩ ኤን ሲ ኤን የተባለ የክላሲክ ሙዚቃ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሮክ ሲለወጥ አድማጮቹ ማኅበር አቋቁመው ተሟገቱ፤ በዓመቱም ሙዚቃቸውን አስመለሱ። ነገር ግን ክርክሩ ቀጥሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1981 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔው ምን አለ? የፕሮግራም ዓይነት ለውጥን ገበያው ይምራው፣ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እየገባ ይመርምር ተብሎ አይገደድም አለ። እንግዲህ የዋሽንግተን ጃዝ ወዳዶች በ1997 ቢጮኹ ጩኸታቸው የሚያርፍበት በር ከተዘጋ አስራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአሜሪካ አድማጭ አንዱ ጣቢያ ቢጠፋበት ቁልፉን አዙሮ ሌላ ያገኛል፤ ጣቢያው በሽ ነው። እኛስ? ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ሬዲዮናችሁን አዙሩት እስቲ። ጣቢያው በጣት በሚቆጠርበት አገር አንድ ጣቢያ ሲለወጥ የሚጠፋው ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ የአንድ አካባቢ ሕዝብ አፍና ጆሮ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሽያጭ አለ። ጣቢያው በጅምላ ሳይሆን በችርቻሮ ይሸጣል። የአየር ሰዓት ይሉታል። ከጣቢያው ሰዓት ተከራይቶ፣ ስፖንሰር ለምኖ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ወጣት አልወቅስም፤ ብዙ ጥሩ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ተወልዷል። ነገር ግን ሰዓቱ ለከፈለ ከሆነ የመክፈል አቅም የሌለው ነገር ቀስ በቀስ ይወጣል። የእንግሊዝ ኳስ ስፖንሰር አያጣም። የገበሬው የዘር ችግር፣ የቀበሌው የውሃ መጥፋት፣ የሽማግሌው ተረት ግን ማን ስፖንሰር ያደርገዋል? አንድ ቀን ተነስተን ስናየው ባለቤቱ ሳይለወጥ ጣቢያው ተለውጦ እናገኘዋለን። ማስታወቂያ የለ፣ ውል የለ፣ ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ፤ ግን ተሸጧል።

እኔ የወረቀት ሰው ነኝ። ጋዜጣ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ጋዜጣ ቢዘጋ የቆየው እትም ከሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር ተጠቅልሎበትም ቢሆን ይነበባል። ድምፅ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው። ለዚህ ነው የሬዲዮው ነገር ከእኛ ከጋዜጠኞቹም ይልቅ የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ለጣቢያ ባለቤቶችና ሕግ ለሚያወጡት ሁሉ የምለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፈቃድ ብድር እንጂ ርስት አይደለም፤ ባለቤት ሊለወጥ ሲል ገዢው ማን እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በአደባባይ ይነገር። ሁለተኛ፣ ጣቢያው ዋና ፕሮግራሙን ሊለውጥ ሲል በራሱ አየር ላይ ለሳምንታት ያስታውቅ፤ አድማጩም ተጠርቶ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለገበያ አይቅረብ፤ አካባቢው ካልቻለ ለአካባቢው ይደገፍለት እንጂ ለባለገንዘብ አይተላለፍ። አራተኛ፣ ጣቢያ ሲዘጋም ሆነ ሲሸጥ የተቀረፀው ድምፅ ለአገር ቤተ መዛግብት ይሰጥ። ይሄ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አድማጭን እንደ ሰው መቁጠር ብቻ ነው።

"ይህማ በባለሀብት መብት መግባት ነው" የሚል ይኖራል። አይደለም። ባለሀብቱ ማይክሮፎኑን ይሽጥ፣ ሕንፃውን ይሽጥ፣ ስሙንም ይሽጥ፤ የእሱ ነው። አየሩን ግን አልገዛውም፤ እኛ ነን ያዋስነው። የተዋሰ ሰው ለሌላ ሲያሳልፍ ባለቤቱን ማስፈቀድ ያገራችን ወግ ነው፤ መጥረቢያ እንኳ እንዲያ ነው የሚዋሰው።

ደርግ በጠመንጃ ወሰደው፤ ኢሕአዴግ በአዋጅ ቆለፈው። አሁን ደግሞ በገንዘብ እንዳይሄድ አድማጩ ከወዲሁ "እኔስ?" ይበል። ጠዋት ተነስተን ሬዲዮናችንን ስንከፍት የማናውቀው ድምፅ ካናገረን በኋላ መጮህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቸር ያሰማን።