ሐምሌ የተከለውን ጥር ይጠይቃል

በአገራችን የዛፍ ልደቱ እንጂ ዕድሜው አይዘገብም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥሩ ከ566 ሚሊዮን አለፈ ተባለ። ብዕሬን ያነሣሁት በቁጥሩ ለመሟገት አይደለም፤ ሙግቴ ከወሩ ጋር ነው። ችግኝ የሚቆጠረው ሰማይ ራሱ በሚያጠጣበት በሐምሌ ነው። ጥር ላይ ቆጣሪ አይመጣም።

ይህን የሚያስብለኝ በሀብሩ ወረዳ ያለችው ግራና ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ ስሪንቃን አልፈው መርሳ የደረሱ መንገደኞች ፓፓያና ማንጎ ሳይገዙ ማለፍ ይከብዳቸዋል። ከዚያ ፍሬ ጀርባ ያለው ግን የጥር ፀሐይና የአንድ ቤተሰብ ትዕግሥት ነው። በዚህ የየጁ ቆላ የክረምቱ ዝናብ መስከረም ላይ ይወጣል፤ የበልጉ፣ እሱም ከመጣ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሦስት ወር ዕድሜ ባለው ሥሩ ሊሻገረው ይገደዳል። በረዶ በሚወርድበት አገር አትክልተኛው ዛፉን በገለባ ሸፍኖ ከብርድ ያድነዋል። የግራና ዛፍ ጠላቱ ጥማት ነው።

ችግሩ የገበሬው አለማወቅ ቢሆን ኖሮ በሥልጠና ይፈታ ነበር። እኔ ግን ሥሩ ሌላ ነው እላለሁ፤ የግብርና አሠራራችን በአንድ ወቅት በቅሎ በአንድ ወቅት የሚሞት ሰብል ብቻ ነው የሚያውቀው። ማዳበሪያ ሲታሰብ መኸር ይታሰባል። ምርጥ ዘር ሲባል ጤፍ፣ ማሽላ፣ ስንዴ ነው። በዚያው በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ይባላል። ማዕከሉን ለመውቀስ አይደለም፤ ድርቅ ለሚመላለስበት ሕዝብ ማሽላ ነፍስ ነው። ነገር ግን ፍሬ የምታበላን ግራና በመዝገብ ስሟ የሰፈረው በማሽላ መሆኑ ሐሳባችን ወዴት እንደሚያደላ ያሳያል።

እስቲ ማዳበሪያውን እንመልከት። ለብዙ ዓመት ዳፕና ዩሪያ ነበር፤ በኋላ ዳፕ ለኤንፒኤስ ቦታውን ለቀቀ። በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ድኝ አለ። ፖታሲየም የለውም። ዩሪያም ቢሆን 46 በመቶ ናይትሮጅን እንጂ ሌላ አልያዘም። ብርቱካንና ማንጎ ደግሞ በፍሬያቸው ከመሬት ይዘው ከሚወጡት ውስጥ ፖታሲየም ዋናው ነው። ፍሬው በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ የመሬቱም ጉልበት አብሮ ይጫናል፤ በምትኩ የሚመለስ ነገር የለም። ያም ማዳበሪያ ቢሆን በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ በ2015 ክረምት ደግሞ ጠፍቶ የአማራ ገበሬ ለአቤቱታ አደባባይ ወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተገኘችው ኪሎ ለጤፉ ትሰጣለች፤ ዛፉ «ቆሞ ይጠብቃል»።

ለዛፉ የሚበጀው ፍግ ነበር። ፍጉ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። «አፈሩን በአገዳ ጎዝጉዙ» ማለትም ቀላል ነው፤ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር መሆኑን የረሳ ሰው ይለዋል። ታዲያ ገበሬው ምን በእጁ ቀረ? ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ አለማቃጠል፣ የከብቱን በረት ጥራጊ ማብሰል፣ የፓርቲኒየም አረምን ሳያብብ አጭዶ ብስባሽ ውስጥ መክተት። የብስባሹ ቦታም ግንዱ ሥር አይደለም፤ የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ነው፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት እዚያ ነውና። እኔ ራሴ ያልበሰለ ፍግ ግንድ ላይ ከምሬ፣ ውሃውንም እዚያው አቁሬ፣ ሁለት የብርቱካን ችግኝ በገዛ እጄ ገድያለሁ። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ውሃውም የራሱ ብልሃት አለው። ማንጎ ለማበብ ትንሽ ብርድና ትንሽ ጥማት ይፈልጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በየሳምንቱ ውሃ የለቀቁበት፣ ዩሪያ የበተኑበት ትልቅ ማንጎ አበባውን ትቶ ለምለም ቅጠል ያወጣል።  ብርቱካንም ጥቂት ሳምንት ተጠምቶ ውሃ ሲያገኝ ባንድ ላይ ያብባል። ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ግን ውሃ የነፈጉት እንደሆነ ያራግፋል። ለሕፃን ችግኝ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እሱ በጋውን ሙሉ ሳይቋረጥ መጠጣት አለበት። አንዱ ዛፍ የሚጠማበት ሳምንት ሌላው የሚጠጣበት ነው ማለት ነው። የውሃ አባቱ ተራ ሲደለድል ግን የሚያስበው ለሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርት ዛሬ ካልጠጣ ነገ መድረቁ ይታያል። ዛፍ መጎዳቱን የሚናገረው ከርሞ ነው። (ጫት ቢሆን ኖሮ ማንም ተራውን አይረሳም ነበር፤ በጋ ላይ ዋጋው እንደሚወደድ ውሃ ያለው ሁሉ ያውቃል።)

የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ማሳ የማውጣትን ነገር በዚህ ምድር ካስለመዱት አንዱ ነው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ያለፈው ወቅት የትኛው እንደሆነ አስቡ፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው የሚገባበት፣ ዛፍ ሰው የሚፈልግበት። ማሽላው የጠፋበት ገበሬ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ ዘር ከተሰጠው በሚቀጥለው ክረምት መዝራት ይችላል። ከዘር የበቀለ ማንጎ የደረቀበት ገበሬ ግን ፍሬ ለማየት ስድስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይጠብቃል። የእርዳታ ዘር በኩንታል ይታደላል። የስድስት ዓመት ዕድሜ የሚያድል መጋዘን የለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የደረሰው ፍሬ እዚያው ይበሰብሳል፤ ያልተሸጠ ፍሬ ለዛፉ ቀለብ አይገዛም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ሐምሌ ላይ የሚወጣው ቆጣሪ ጥር ላይ አንድ ጊዜ ይመለስ፤ የሞተውንም በግልጽ ይጻፍ። የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ተማሪ ለልምምድ ሲወጣ አንድ የብርቱካን ማሳ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይከታተል፤ በጋውን ያላየ ባለሙያ ስለ ዛፍ የሚያውቀው ግማሹን ነው። የሀብሩ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም የመጪውን ዓመት የማዳበሪያ ፍላጎት ለማሰባሰብ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ገበሬውን «ስንት ጥማድ ትዘራለህ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። ስንት ዛፍ እንዳለውም ይጠይቀው፤ መልሱም ከጤፉና ከማሽላው ጎን በቅጹ ላይ ይስፈርለት።